ቀበሌና ወረዳ በወረርሽኝ ጊዜ ሲከፈቱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ብዙ ሳይቆይ በርካታ የመንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ተደረገ። የቀበሌና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን ዘግቶ የሚከርም ቦታ አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ግብር ያኔ በአብዛኛው ባለጉዳዩን በአካል ይጠሩ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ጥንቃቄው ሁሉ ደጃፍ ላይ ያልቅና ውስጡ ይረሳል።

ሁሉንም ባለጉዳይ ጠዋት መጥራት። ጥበቃው አንዱን እጅ ሲያስታጥብ ከኋላው ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ከቆመ መታጠቡ ብዙም አልጠቀመም። ወረፋ የሚቀንሰው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ከመስኮቱ አቅም ይነሳል። አንድ ጉዳይ በአማካይ 6 ደቂቃ ከወሰደ፣ አንድ መስኮት በሰዓት 10 ሰው፣ ከ2፡30 እስከ 6፡30 ደግሞ 40 ሰው ያስተናግዳል። ስለዚህ ለጠዋት 40 ቁጥር ይታደል፣ በእያንዳንዱም ላይ የመግቢያው ሰዓት ይጻፍበት፦ ከ1 እስከ 10 ያሉት 2፡30፣ ከ11 እስከ 20 ያሉት 3፡30፣ እያለ ይቀጥላል። ለተረፈው ሰው የከሰዓት ወይም የማግሥቱን ቁጥር እዚያው መስጠት ነው። ባዶ እጁን “ነገ ተመለስ” የተባለ ሰው በማግሥቱ ከ12 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ይሰለፋል። የመጀመሪያው ሰዓት ለአዛውንቶች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕመምተኞች ቢተው ጥሩ ነው። ለየትኛው ጉዳይ ምን ማስረጃና ስንት ፎቶ እንደሚያስፈልግም አጥሩ ላይ በትልቁ ይለጠፍ። አንድ ኮፒ የጎደለው ሰው ያለዚያ ሁለት ጊዜ ይሰለፋል።

በ2012 ሐምሌ ላይ የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች ጠቅላላ ክፍያቸውን በዚያው ወር ማጠናቀቅ ነበረባቸው። እንዲህ ያለ ወር ሲመጣ ቀኖቹን አስቀድሞ በቀጠና መደልደል ያስፈልጋል። የመጨረሻው ሳምንት ከደረሰ በኋላ የሚወጣ ድልድል ሰሚ አያገኝም።

ክፍሉን በወንበር ብዛት መለካት። ለአንድ ሰው 4 ካሬ ሜትር ቢያዝ፣ 4 በ5 የሆነ ክፍል 5 ሰው ይይዛል፤ ሠራተኞቹም ከነዚሁ ናቸው። ሦስት ሠራተኛ ከተቀመጠ ለባለጉዳይ የሚቀረው የሁለት ሰው ቦታ ነው። የፋይል መደርደሪያው የያዘው ወለል ከሂሳቡ ይቀነስ። ሌላው ሰው ግቢ ውስጥ ከድንኳን ወይም ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቆ ይጠብቅ። ኮሪደር መጠበቂያ መሆን የለበትም፤ ጠባብ ነው፣ አየር አይገባውም፣ ወጪና ገቢውም እዚያው ይተሻሻል።

መስኮት መዝጋት። ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በዋናነት ከሰው ትንፋሽ በሚወጣው ነው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም አየሩ ላይ ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነት ቦታዎች ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ ይመክራል። ብዙ የወረዳ ቢሮ ውስጥ ግን መስኮቱ ፊት የብረት ፋይል ሳጥን ቆሞበታል፣ ማጠፊያው ዝጓል ወይም በቀለም ተጣብቋል። ቢሮው ከመከፈቱ በፊት ባለው ሳምንት ሳጥኑን ማንሳትና ማጠፊያውን ማላቀቅ ከአንድ ካርቶን ሳኒታይዘር ይበልጣል። በሩና ከፊት ለፊቱ ያለው መስኮት አብረው ሲከፈቱ አየሩ ተሻግሮ ይወጣል፤ አንዱ ብቻ ከተከፈተ ግን እዚያው ይዞራል። የአየር ማራገቢያ (ቬንትሌተር) ካለ ፊቱ በመስኮት ወደ ውጭ ይዙር። ወደ ሰው ከዞረ የአንዱን ትንፋሽ ለሌላው ያደርሳል። በክረምት ብርድና ዝናብ ያስቸግራሉ፤ ቢሆንም ጋቢ ደርቦ መሥራት፣ ቢያንስ ዝናብ በማይገባበት በኩል ያለውን መስኮት ክፍት መተው ይቻላል።

በሙቀት መለኪያ መተማመን። ሰው ምልክት ከማየቱ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ጭራሽ ትኩሳት የማይኖረውም አለ። በዚያ ላይ መሣሪያው አንዳንዴ የሰውነት ሳይሆን የዕቃ ሙቀት እንዲለካ ተስተካክሎ ይገኛል። ፀሐይ ላይ የቆመ ግንባር ከፍ ያለ፣ ላብ ያረጠበው ደግሞ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ጥላ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አስቁሞ፣ ላቡን አስጠርጎ መለካት ይሻላል። ሳል ወይም ትኩሳት እንዳለበት መጠየቅም አይቀርም።

መስታወት አቁሞ ማስክ ማውረድ። መስታወቱ ምራቅን ይመልሳል፣ አየርን ግን አያግድም። የመነጋገሪያው ቀዳዳ በአፍ ትክክል ከተቆረጠ ሁለቱም አፋቸውን እዚያው ይደቅናሉ፣ ለመደማመጥም ይጮሃሉ። ቀዳዳው ወረቀት ለማሳለፍ ጠረጴዛው ላይ ዝቅ ብሎ ይሁን። ፊትን ከመታወቂያ ፎቶ ጋር ማመሳከር ካስፈለገ ባለጉዳዩ ራቅ ብሎ፣ ሳይናገር ለአፍታ ማስኩን ያውርድ።

በረኪናን በግምት መቀላቀል። ገበያ ላይ ያለው በረኪና ባብዛኛው 5 በመቶ ነው። ጠረጴዛ፣ እጀታና የደረጃ ድጋፍ ለመወልወል 0.1 በመቶ ይበቃል፤ ያም አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ ነው። ለ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መቶኛ ሌላ ከሆነ ሂሳቡም ይለወጣል። መጀመሪያ በሳሙናና ውሃ ይታጠብ፤ ቆሻሻ የበረኪናውን ኃይል ይጨርሰዋል። ከዚያ በጨርቅ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ይቆይ። ብረት ከሆነ እንዳይዝግ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ሙቅ ውሃም የዋለ ያደረ ውህድም አይሠሩም፣ በየጠዋቱ አዲስ ይበጠበጥ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞንያ ካለበት ነገር ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ይህን የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲውን ከመያዟ በፊት ልታውቀው ይገባል፣ ጓንትም ይሰጣት። ሰው ላይ መርጨት ዓይንና ቆዳ ይጎዳል እንጂ የታመመውን ሰው ትንፋሽ አያጠራም።

ውሃው ሲያልቅ ዝም ማለት። አንድ ሰው ግማሽ ሊትር ቢጠቀም 300 ባለጉዳይ 150 ሊትር ይፈልጋል፤ 20 ሊትር ጀሪካን ከ40 ሰው በኋላ ባዶ ነው። የፍሳሹ መውረጃ ካልተበጀ በሩ ጭቃ ይሆንና ሰው አልፎት ይገባል።

ቫይረሱን ለመግደል ብሎ ፋይልን ፀሐይ ላይ ማስጣት አስፈላጊ አይደለም። መቅረት ያለበት ጣትን በምራቅ እያረጠቡ ገጽ መግለጥ ነው፤ እርጥብ ስፖንጅ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። የጣት አሻራ ለሚያሳርፍ ሰው ከቀለሙ በፊትም በኋላም አውራ ጣቱ በአልኮል ይጠረግ። ባለጉዳይ የራሱን እስክሪብቶ ይዞ ይምጣ።

ሠራተኛው ከሠራተኛው እንደማይያዝ ማሰብ። ቀኑን ሙሉ ማስክ ያደረጉ ሰዎች 4 ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ውስጥ በር ዘግተው ቡና ዙሪያ ማስካቸውን ያወልቃሉ። ቡናው ግቢ ውስጥ፣ በፈረቃ ይጠጣ። ሠራተኛው በሁለት ቡድን ተከፍሎ በየሳምንቱ ቢፈራረቅ፣ ቡድኖቹም ባይቀላቀሉ፣ አንዱ ቡድን ቢታመም ሌላው ሥራውን ይይዛል። ያሳለው ሠራተኛ ደመወዙ ሳይነካ ቤቱ መቅረት እንደሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረው፤ ያለዚያ ሳሉን ደብቆ ይመጣል። ማህተሙና የመፈረም ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱ በታመመ ቀን ቢሮው ሰው ሞልቶበት ተዘጋ ማለት ነው። ውክልናው ለሁለተኛው ቡድን አንድ ሰው ቢሮው ከመከፈቱ በፊት ተጽፎ፣ የማህተሙ ርክክብም በመዝገብ ተፈርሞ ይደር።