የየቀኑን ጸሎት ከወቅቱ ጋር እንዴት እናስኪደው? (በተለይ ጎንደር ላላችሁ)

መጀመሪያ መሠረቱን ያዙ፣ ወቅት ቢቀያየርም እሱ አይነካም። የዘወትር ጸሎት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከዛ ዳዊት። 150 መዝሙር ሲባል ብዙ ሰው ይሸሻል ግን እኮ ለሳምንቱ የተከፋፈለ ነው፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፣ እሁድ የነቢያት ጸሎትና መኃልይ። ስራ ላይ ከሆናችሁ ከዕለቱ አንድ ንጉሥ ማለትም 10 መዝሙር ብቻ ድገሙ፣ አላርም ሙሉና ሰዓቱን አትቀያይሩት።

ጽጌ ማለትም እመቤታችን በአበባ እየተመሰለች የምትመሰገንበት ወቅት ሲገባ (ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5) ከውዳሴ ማርያም ቀጥሎ ከማኅሌተ ጽጌ፣ ከወቅቱ የምስጋና መጽሐፍ፣ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ጾሙ የፈቃድ ነው፣ ያልጾመውን አትፍረዱበት። ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት ግን ማኅሌት ስለሚቆም ኧረ ቤት አትተኙ! የአቋቋሙ (በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚቆመው ዜማ) ማስመስከሪያ የሆነው የበዓታ ቤተክርስቲያን ያለው እዚሁ ከተማችን ነው፣ ዜማውን ባታውቁትም ጋቢ ደርባችሁ ቁሙ፣ ሌሊት ባጃጅ ስለማይገኝ ደግሞ በጊዜ ውጡ። ኅዳር 6 እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት የቁስቋም ቤተክርስቲያን በዓሏ ነው፣ ትነግሣለች፣ እሷን ሳታነግሡ ጽጌን ጨረስን አትበሉ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፣ ጾመ ድጓው (የጾሙ ዜማ) በመቋሚያ ብቻ ነው የሚባለው። ቤት ውስጥ ስግደት ጨምሩ (ቅዳሜና እሁድ ግን የለም)። እኔ የምመክረው የእሁዱን ምስባክ (በቅዳሴ ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የዳዊት ጥቅስ) ይዛችሁ ሳምንቱን ሙሉ በሱ ጸሎት እንድትጀምሩ ነው፣ ለምሳሌ በምኩራብ (በጾሙ ሦስተኛ) ሳምንት «እስመ ቅንዓተ ቤትከ በልዐኒ»፣ ማለትም የቤትህ ቅናት በላኝ፣ አጭር ነው፣ መንገድ ላይም ይባላል።

ሰሙነ ሕማማት፣ ከትንሣኤ በፊት ያለው የመጨረሻው ሳምንት፣ ሌላ ነገር ነው። ፍትሐት የለም፣ መስቀል አይሳለሙም፣ መጨባበጥና መሳሳምም ይቀራል፣ ስለዚ መንገድ ላይ ቄስ ብታገኙ እጅ ነስታችሁ ብቻ እለፉ። የምትችሉ በየሰዓቱ ቤተክርስቲያን ሂዱ፣ የማትችሉ በ3፣ በ6ና በ9 ሰዓት ካላችሁበት ቆም ብላችሁ «ለከ ኃይል» (ኃይል ለአንተ ነው) የሚለውን የሳምንቱን ጸሎት በሉ።

ከትንሣኤ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስግደቱን በዛው ይቀጥላል፣ ቅን ልብ ነው ግን ሥርዓቱ አይደለም። 50ውን ቀን ስግደትም የረቡዕ ዓርብ ጾምም የለም፣ ጸሎታችሁን «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» (ክርስቶስ ከሙታን ተነሣ) ብላችሁ ክፈቱ። ከጰራቅሊጦስ (ከትንሣኤ በ50ኛው ቀን የሚውለው በዓል) ማግስት ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል፣ ስግደቱንም የዛን ቀን ትጀምራላችሁ።