የቀስት አፎት ስትመርጡ መጀመሪያ ጎንበስ በሉ

የመጀመሪያ አፎቴን የገዛሁት እንደ ብዙ ሰው ፊልም አይቼ ነው። ጀርባ ላይ የሚነገት፣ ቡናማ ቆዳ፣ ማንገቻው ደረት ላይ የሚያልፍ። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ሳየው ጀግና መስያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይዤው ወደ ሱሉልታ ወጣሁ፣ ባህር ዛፍ ውስጥ ገባሁ፣ ሁለት ወረወርኩ። ሁለተኛዋ ዒላማውን ስታ ደረቅ ቅጠል ስር ገባች። ላነሳት ጎንበስ ስል የቀሩት አስሩም በማጅራቴ በኩል ዝርግፍ አሉ። የአንዷ ላባ ጆሮዬን ኮርኩሮኝ አለፈ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ቆመው ሲያዩኝ ነበርና አንዱ «ጋሼ፣ ፈሰሰብህ!» አለኝ፣ ውሃ የያዝኩ ይመስል።

ልጁ ልክ ነው። አፎት የሚመረጠው ቆመን ስናምር ሳይሆን ጎንበስ ስንል ነው። ለመዝናናት ቀስት የሚወረውር ሰው የሚወረውርበት ጊዜ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ሰዓት የሚያጠፋው እየሄደ፣ እየጎነበሰ፣ ቅጠል እየገለበጠ ቀስቱን ሲፈልግ ነው።

ቃሉን እንስማማበት። ቀስት የምላት የምትወረወረዋን ነው። የምትለጠጠው ደጋን ናት፣ እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉባት የትንሿ ደጋን ዘመድ። የቀስት መያዣውን አንዳንዱ ሰገባ ይለዋል፣ አንዳንዱ ኮረጆ። እኔ ኮረጆ ሲባል ምርጫ ስለሚመጣብኝ አፎት ማለት ይቀናኛል።

አሁን ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ አንድ ቦታ ቆማችሁ ነው የምትወረውሩት ወይስ እየዞራችሁ?

አንድ ቦታ ከሆነ፣ ማለትም ማዳበሪያ ውስጥ ጭድና አሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ፣ ከኋላው የአፈር ቁልል ወይም ገደል ያለበት ቦታ አስደግፋችሁ ከ15 ሜትር የምትለማመዱ ከሆነ፣ ሰውነታችሁ ላይ ምንም ማንጠልጠል አያስፈልጋችሁም። መሬት ላይ የሚሰካ ይበቃል። አንድ ሜትር የማይሞላ የ8 ፌሮ ለበያጅ ስጡት፤ ጫፉን እንዲያሾለው፣ ከላይ ደግሞ ቀለበት እንዲበይድበት ንገሩት። ቀስቶቹ ቀለበቱ ውስጥ ገብተው ጫፋቸው መሬት ላይ ያርፋል፣ አለቀ። ቀለበቱን ጨርቅ ወይም የብስክሌት ከለመዳሪ ጠቅልሉበት፣ አለዚያ የእንጨቱን ቀለም ይፍቀዋል። ችግሩ መሬታችን ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፣ የካቲት ላይ ጥቁሩ አፈር ደርቆ ሲሰነጠቅ ግን በድንጋይ ካልመታችሁት አይገባም።

እየዞራችሁ ከሆነ፣ እዚህ ዛፍ ስር አንድ፣ እዚያ ቁጥቋጦ አጠገብ አንድ እያላችሁ ከሆነ፣ ምክሬ አጭር ነው፦ ወገብ ላይ የሚታሰር ግዙ ወይም አሰሩ። እንደ ዝናር ማለት ነው። ቀኝ እጃችሁ የሚስብ ከሆነ በቀኝ በኩል፣ ግራኝ ከሆናችሁ በግራ። ቀስቶቹን ታዩዋቸዋላችሁ፣ ስንት እንደቀራችሁ ታውቃላችሁ፣ ጎንበስ ስትሉም አይፈሱም።

የወገብ አፎት ግን ሁሉም አንድ አይደለም። መጀመሪያ ቁመቱን ተመልከቱ። አብዛኛው የእንጨት ቀስት ከ28 እስከ 32 ኢንች፣ ማለትም ከ71 እስከ 81 ሴንቲሜትር ነው። ለዚህ ከ40 እስከ 45 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው አፎት ይበቃል፤ ላባው ከአፉ በላይ ይቀራል፣ አይታሽም። ከዚያ አጠር ካለ ስትራመዱ ቀስቶቹ ይወዛወዛሉ፣ ስትሮጡ ይዘላሉ። በጣም ከረዘመ ደግሞ ላባው ውስጥ ገብቶ ይጨማደዳል፣ ታቹም ጉልበታችሁን ይመታል።

ቀጥሎ ዘንበል ማለቱ። ላባው ወደ ፊት የሚያዘነብል አፎት ሜዳ ላይ ደስ ይላል፣ ሁሉም ፊታችሁ ነው። ባህር ዛፍ ውስጥ ግን ቅርንጫፍ ሁሉ ይይዘዋል። ጫካ ለሚገባ ላባው ወደ ኋላ፣ ጫፉ ወደ ፊት ዝቅ ብሎ የሚያዘነብለው ይሻላል። ቁጥቋጦ መሃል ስታልፉ ከኋላችሁ እየተከተለ ሾልኮ ይወጣል።

ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የማየው፣ ውስጡ ክፍልፍል መኖሩን ነው። ስድስት ቀስት አንድ ላይ ቢታጨቅ ላባቸው ይጠላለፋል፤ አንዷን ስትስቡ ሁለት ይከተሏታል። ሦስት ወይም አራት ክፍል ካለው እያንዳንዷ ቦታዋን ትይዛለች፣ የተጣመመችውንም ለብቻ ታስቀምጣላችሁ። ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 1545 የሰመጠችው ሜሪ ሮዝ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ስትመረመር ክብ ቆዳዎች ተገኝተውባታል፤ እያንዳንዳቸው 24 ቀዳዳ አላቸው፣ በየቀዳዳው አንድ ቀስት። 24 ቀስት ለእነሱ አንድ ነዶ ነበር። ለእኛ ለቅዳሜ ሰዎች ግን ነዶ አያስፈልግም፣ ስድስት ይበቃል። በፈረንጆቹ 1991 አልፕስ ተራራ ላይ በረዶ ውስጥ የተገኘው ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረ ሰው እንኳ የቆዳ አፎቱ ውስጥ 14 ቀስት ይዞ፣ ተሠርተው ያለቁት ሁለት ብቻ ነበሩ። እኔም 12 ይዤ ወጥቼ ሰባቱ ላባቸው የተነቀለ ሲሆን እሱን እያሰብኩ እጽናናለሁ።

የት ይገኛል? ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ፈልጋችሁ አትልፉ፣ አሰሩት። የኔን ሁለተኛ አፎት የሠሩልኝ መርካቶ ያሉ አንድ ቦርሳ ሰፊ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፣ ለቀስት የሚሆን ማህደር ይሠሩልኛል?» ብላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ለምን?»

«ለቀስት። ለስፖርት ነው።»

አንዷን ቀስት ተቀብለው ጫፏን በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና «ይቺ ታቹን ትበላዋለች። ካልደገምነው ወር አይሞላም» አሉኝ። የጫማ ሶል በክቡ ቆርጠው ከታች ሁለት ድርብ አድርገው ሰፉበት። ከላይ አፉን ደግሞ በወፍራም ጠፍር ከበቡት፣ ክፍት ሆኖ እንዲቆም። እሳቸው ቀስት ወርውረው አያውቁም፤ ግን የአፎት ሁለቱ በሽታዎች የታች መበሳትና የአፍ መጨፍለቅ መሆናቸውን በአንድ እይታ አወቁ። ማህደር ሰፍቶ የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ ቀስታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በቃል አታስረዱ፣ አስለኩ።

ቆዳ ከበዛባችሁ ቱቦ አለ። 75 ሚሊሜትር የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ፣ 45 ሴንቲሜትር ያህል ቁረጡ። አፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ አለዚያ የቀስቱን እንጨት ይቧጭራል። ታቹን በራሱ ክዳን ዝጉና ሁለት ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ብሱበት፣ ዝናብ ሲገባ እንዲወጣ። ከዚያ ከውስጥ መጀመሪያ የምንጣፍ ቁራጭ፣ በላዩ ስፖንጅ። ቱቦ ሲባል ይንኳኳል፤ ስትራመዱ እንደ ጽናጽል ነው። የአጎዛ ቁራጭ ወይም አሮጌ ሹራብ ውስጡን አልብሱት፣ ዝም ይላል። ለቀበቶው ሁለት ማስገቢያ ስትቀድዱ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጉ፣ በዚያው ዘንበል ይልላችኋል። መልኩ አያምርም። ግን የኔ ቱቦ ሁለት ክረምት አሳልፏል።

የጀርባ አፎት የሚባለውን ሙሉ በሙሉ አልነቅፍም። አሜሪካዊውን ሃዋርድ ሂልን ያህል ወርዋሪ በጀርባ አፎት ነው የሚታወቀው፣ ስለዚህ ጥፋቱ የአፎቱ ሳይሆን የኔ ነው። የጀርባ ከፈለጋችሁ ለስላሳ ቆዳ ይሁን፣ ደረቅ ሲሊንደር አይሁን። ለስላሳው ጀርባችሁ ላይ ተኝቶ ቀስቶቹን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ማንገቻው ይጥበቅ፣ ጎንበስ ስትሉ በወገብ ሳይሆን በጉልበት ይሁን፣ አፉንም በአንድ እጅ ያዝ አድርጉ። ጠዋት እንጦጦ ላይ ብርድ ነውና ኮፍያ ያለው ጃኬት ለብሳችሁ ከሆነ ደግሞ እጃችሁ ቀስት ልያዝ ብሎ ኮፍያውን ይይዛል። ደርሶብኛል።

ደጋኑ ላይ የሚገጠምም አለ። ደጋኑን ያከብደዋል፣ ለጀማሪ አይሆንም።

ስትገዙ ወይም ስትረከቡ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይህን አድርጉ። የራሳችሁን ቀስቶች ክተቱ። ጎንበስ ብላችሁ የጫማችሁን ክር ፍቱና እሰሩ። በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ተነሱ። እዚያው አስር እርምጃ ዱብ ዱብ በሉ። ከዚያ ሳታዩ አንድ ቀስት አውጥታችሁ ሳታዩ መልሱ። ባለሱቁ ይስቃል፣ ይሳቅ። የፈሰሰ ካለ አትግዙ። ስትመልሱ ጫፉ አፉን እየሳተ ጭናችሁን የሚነካ ከሆነም አትግዙ፣ ያ አፉ ጠባብ ነው ወይም አቀማመጡ ለቁመታችሁ አይሆንም።

ታክሲን አትርሱ። ከመገናኛም ሆነ ከፒያሳ ስትሳፈሩ ስድስት ሹል ብረት ይዛችሁ ሰው መሃል ነው የምትቀመጡት፣ ያውም አራተኛ ሰው በተጠጋበት ወንበር ላይ። ሙሉ ቀስቱን የሚውጥ ከረጢት ይኑራችሁ፣ አፉ በገመድ የሚቋጠር። ጫፎቹን በቡሽ ሸፍኑ። ፍተሻ ካለ ከመጠየቃችሁ በፊት ራሳችሁ ከፍታችሁ አሳዩ። ሜዳው ላይ ስትደርሱም ከመወርወራችሁ በፊት ከዒላማው ጀርባ ዞራችሁ እዩ፤ እንጨት ለቃሚ እናቶችና እረኞች የማያልፉበት ጫካ አዲስ አበባ ዙሪያ የለም።

ክረምት ላይ ላባ ሲርስ ጠፍ ብሎ ይተኛል፣ ቀስቷም እንደፈለገች ትሄዳለች። ለዚህ ቀላሉ መድኃኒት የዳቦ ፌስታል ነው፤ ላባው ላይ አልብሳችሁ በላስቲክ እሰሩት፣ ለመወርወር ስትፈልጉ ብቻ አውጡ። ቆዳ አፎት በዝናብ ከራሰ ቤት ስትገቡ ቀስቶቹን ሁሉ አውጡና በጋዜጣ ሞልታችሁ ጥላ ስር አንጠልጥሉት። ከሰል አጠገብ አታድርቁት። የመጀመሪያ አፎቴ፣ ያ ጀግና ያስመሰለኝ፣ ያለቀው እንደዚያ ነው፦ ማታ ምድጃ ዳር ሰቀልኩት፣ ጠዋት ሳወርደው እንደ ቋንጣ ደርቆ ነበር።