ከአንድ ዕቃ የሚነሣ ጥናት፦ በወሎ ሙዚየሞችና ዕቃ ቤቶች የተግባር ልምምድ ለሚወጡ ተማሪዎች

ለተግባር ልምምድ ወደ ሙዚየም የሚላክ ተማሪ ብዙውን ጊዜ «የወሎ ቅርሶች ይዞታ» የሚል ዓይነት ሰፊ ርዕስ ይዞ ይሄዳል፤ ጊዜው ሲያልቅም በእጁ የሚቀረው ማንኛውም ጎብኚ ሊጽፈው የሚችል ገለጻ ነው። ርዕሱን መቁረጥ ያለበት የቅርስ መመዝገቢያውን ካነበበ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መዝገቡን በማገላበጥ አሳልፎ፣ ከዚያ አንድ ዕቃ ወይም የአንድ ዓይነት የሆኑ ጥቂት ዕቃዎችን ይምረጥ።

ከትምህርት ክፍሉ የሚጻፈው ደብዳቤ «አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት» ብሎ ቢያልፍ በር ያስከፍት ይሆናል እንጂ ሣጥን አያስከፍትም። ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚታይ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ እንደሆነና ምስሉ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ በግልጽ ይጻፍበት። ዕቃው የቤተ ክርስቲያን ወይም የገዳም ከሆነ የሀገረ ስብከቱን ፈቃድ ይዞ አበምኔቱን ወይም አስተዳዳሪውን ማነጋገር ያስፈልጋል፤ እንደ ጌታና ጀማ ንጉሥ ባሉ የእስልምና ትምህርትና የዝየራ ማዕከላት የሚገኙ ጽሑፎችን ለማየት ደግሞ አስቀድሞ የሼሆቹን ይሁንታ ማግኘት ግድ ነው።

ዕቃው ፊት ከቀረበ በኋላ መዝገቡን ለጊዜው ዘግቶ ማየት ይገባል፤ መዝገቡ አስቀድሞ የነገረንን ብቻ የማየት ልማድ አለብንና። ለምሳሌ ባለ ሁለት ገጽ ተከፋች የእንጨት ሥዕል ቢሆን፣ ተማሪው ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ላይ ይቆይ። ሥዕሉ በቀጥታ በእንጨቱ ላይ ነው ወይስ በላዩ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ? ሁለቱን ሰሌዳዎች የሚያያይዘው ገመድ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ጠርዝ ምን ያህል ተበልቷል? ቀለሙ የለቀቀው ውሃ ነክቶት ነው ወይስ ምእመናን ሲሳለሙት በሚነካው ቦታ ላይ ብቻ? የብራና መጽሐፍ ሲሆን በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ ስም የተጻፈበትን ቦታ መፈለግ ጠቃሚ ነው፤ የፊተኛው ስም ተፍቆ በሌላ ቀለምና በሌላ እጅ አዲስ ስም ገብቶ ከተገኘ መጽሐፉ ባለቤት መለወጡን ያሳያል። ባዶ በነበሩ ቅጠሎች ላይ የሰፈሩ የመሬት ስጦታዎችና የንዋያተ ቅድሳት ዝርዝሮች ደግሞ መጽሐፉን ራሱን መዝገብ ቤት ያደርጉታል። ይህን ሁሉ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ መዝገቡን ከፍቶ ያስተያይ። መጠኑ፣ ቁጥሩ ወይም የተገኘበት ቦታ ካልገጠመ፣ በእኔ ግምት የጥናቱ ጥሩ ጥያቄ የተገኘው እዚያው ላይ ነው።

ዘመን ሲሰላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመተ ዓለምን የሚጠቅስ ከሆነ 5500 ሲቀነስ ዓመተ ምሕረቱ ይገኛል፤ ስለዚህ 6773 ዓመተ ዓለም ማለት 1273 ዓ.ም. ነው። የሂጅራ ዓመት ግን ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር አንድ ቋሚ ቁጥር ደምሮ ወይም ቀንሶ መለወጥ አይቻልም፤ የማስተያያ ሠንጠረዥ መጠቀም ይገባል።

በቀድሞው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚገኘው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ዝርፊያና ጉዳት ደርሶበታል። እንዲህ ባለ ቦታ የቆዩ የምዝገባ ቅጾች፣ የርክክብ ሰነዶችና የጎብኚዎች ፎቶግራፎች ከዕቃው እኩል ዋጋ አላቸው። አንድ ተማሪ የአንድን የዕቃ ዓይነት ሰነዶች ሰብስቦ ያለውንና የጠፋውን ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ከማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ የበለጠ ለሙዚየሙ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሁሉም ነገር ግን ወሎ ውስጥ አይደለም፤ ወሎ ውስጥ ያለውም ለሁሉም ክፍት አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶችን አያስገባም፤ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈውን የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ማጥናት የምትፈልግ ተማሪ ያላት መንገድ ቅጂው ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ያነሣው ፕሮጀክት ይህን ወንጌል በቁጥር 1832 መዝግቦታል፤ የፊልሞቹ ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ተቋሙም ብዙዎቹን በኢንተርኔት በነፃ ያስነብባል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉት ደግሞ አብዛኞቹ ለንደን ናቸው፦ የብራና መጻሕፍቱ በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ የወርቅ ዘውዱና ጽዋው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም። ተማሪው የነዚህን ተቋማት የኢንተርኔት መዝገብ ሲያነብ ዕቃው በማን እጅ እንዳለፈ የሚናገረውን ክፍል ነጥሎ ይገልብጥ፤ «ተሰጠ»፣ «ተገዛ» እና «ተወሰደ» የሚሉት ቃላት ምን እንደሚሸፍኑም ይመርምር።

በዕቃ ቤት ውስጥ እስክሪብቶ አይያዝ፤ እርሳስ ይበቃል። ብራና በታጠበና በደረቀ ባዶ እጅ ይገለጣል፤ ጓንት የሚያስፈልገው ለብረት መስቀልና ለቆየ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ ያለ ፍላሽ፣ ማስመሪያ በጎኑ ተቀምጦ ይነሣ፤ የፋይሉ ስምም በቅርሱ መለያ ቁጥር ይጀምር። በመዝገቡ ላይ ስህተት ቢገኝ ተማሪው በራሱ እጅ አያርም፤ በተለየ ወረቀት ላይ ገጹንና ቁጥሩን ጠቅሶ፣ ቀንና ፊርማ አኑሮ ለቅርስ ባለሙያው ያስረክብ፤ የጥናቱንና የምስሎቹን አንድ ቅጂም ከዚሁ ጋር።