ሞዴል 19ን አምስት ቦታ የቆራረጥኩት እኔ ነኝ፦ የጀማሪ ዲዛይነሮች ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ የጀማሪ ዲዛይነሮችን ሥራ አያለሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ሰሞኑን ግን ያንኑ ስህተት ለአራተኛ ጊዜ ሳይ ትዕግሥቴ አለቀ።

ከባድ ሶፍትዌር አቅልሉ ሲባሉ ይደብቁታል። ሠላሳ መሙያ ቦታ ያለው ፎርም ያዩና ይደነግጣሉ። አምስት ገጽ ላይ ይበትኑታል። በየገጹ «ቀጣይ» የሚል ትልቅ ቁልፍ። ዲዛይን መሥሪያው ፊግማ ላይ ያምራል። በቀን መቶ ጊዜ ለሚሞላው ሰው ግን ቅጣት ነው።

እንዴት አወቅክ ካላችሁኝ፣ ሠርቼው ነው። እዚሁ ድሬ የአንድ መጋዘን የንብረት ክፍል ሶፍትዌር ተሰጠኝ። ሞዴል 19፣ የዕቃ መቀበያው ፎርም፣ አንድ ስክሪን ላይ ተጨናንቋል። አምስት ቦታ ቆራረጥኩት። አለቆቹ አጨበጨቡልኝ። ከሳምንት በኋላ መዝጋቢዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ግራ እጇ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ማስመሪያዋን መስመር በመስመር ወደ ታች ትገፋለች። ቀኝ እጇ ከኪቦርዱ ቁጥሮች አይነሳም። ቁጥር፣ ታብ፣ ቁጥር፣ ታብ። ስክሪኑን ዞር ብላም አታየው። የእኔ «ቀጣይ» ጋ ስትደርስ ግን እጇን አንስታ ማውዝ ትፈልጋለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀና አለችና «አቦ፣ እጄን አሰርከውኮ!» አለችኝ።

የድሮውን ስክሪን መለስኩላት። መሙያ ቦታዎቹን ግን በወረቀቱ ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። ቀኑ ራሱ እንዲሞላ፣ ድምሩንም ማሽኑ እንዲደምር አደረግኩ። የኮምፒውተር ባለሙያው ላሪ ቴስለር እንዳለው ከባድነት አይጠፋም፤ ወይ ሶፍትዌሩ ይሸከመዋል ወይ ሰውየው። እኔ ሴትዮዋን አሸክሜያት ነበር።

ሁለተኛው ስህተት፣ ተጠቃሚዎችን «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ። በይሉኝታ አገር ማን አልወደድኩትም ይላል? ቡና አስፈልተው ያመሰግኗችኋል እንጂ። ሥራ ስጧቸውና አፋችሁን ዝጉ። ሲቸገሩም አትርዷቸው። ይሄ በጣም ይከብዳል፤ እኔ ዛሬም እጄን ቂጤ ሥር አድርጌ ነው የምቀመጠው። ብዙ ሰውም አያስፈልግም። የሶፍትዌር አጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. አምስት ሰው አብዛኛውን ችግር ያሳያል ብሎ ጽፏል፤ በእኔ ልምድ ሦስተኛው ሰው ላይ ማፈር ይጀመራል።

ነጣ ያለ ግራጫ ጽሑፍ ተዉ። ተራ ጽሑፍና ዳራው በብርሃን መጠን ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይለያዩ የሚለው መስፈርት ዝቅተኛው ነው። እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር በስድስት ሰዓት ፀሐይ ስልካችሁን አውጥታችሁ እዩት፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ስም ሦስት ነው፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን የማን ቤተሰብ ነው?

ወር 12 ብቻ የሚዘረዝር ምርጫም አይቻለሁ። ጳጉሜን 3 የገባ ዕቃ የት ይመዝገብ? ሰዓት ደግሞ ይብሳል። ጭነት «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ሲቀጠር ስክሪኑ 08:00 ካለ፣ ሹፌሩ የቱን ይመን? ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ብላችሁ ጻፉለት።

«ስህተት ተፈጥሯል» የሚለውንም መልእክት አንሱልኝ። ምን እንደጎደለና የት እንደሚሞላ ንገሩ። ያቺው መዝጋቢ አንድ ቀን ይህን መልእክት አይታ ወደኔ ዞረች።

«ማነው የፈጠረው? እኔ ነኝ አንተ?»