ከደሴ ለሚነሣ የካምፒንግ ተጎታች ዕቃ አመራረጥ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ከፍታውን ወደ 600 ሜትር ገደማ ስለሚቀንስ፣ ተጎታች የሚመርጥ ሰው ከምድጃና ከመብራት አስቀድሞ ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ጎማውና ቸርኬው ከመኪናው ጋር አንድ ዓይነት ቢሆኑ አንድ መጠባበቂያ ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል።

ብዙ የሚያሳስበው ፍሪጁ ነው። በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ድምፅ አልባ ቢሆንም ተጎታቹ ዘንበል ብሎ ሲቆም በደንብ አያቀዘቅዝም፣ በከፍታ ቦታም ይዳከማል፤ ስለዚህ ዋጋው ቢወደድም በ12 ቮልት የሚሠራውን ባለ ኮምፕረሰር (በሞተር መጭመቂያ የሚያቀዘቅዘውን) እመርጣለሁ። 45 ዋት የሚወስድ ፍሪጅ ሞተሩ በቀን በድምሩ 8 ሰዓት ቢሠራ 360 ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ 1,280 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ፣ ክረምት ላይ በሶላር ባትሪውን የምትሞላው ፀሐይ ብትጠፋም ሦስት ቀን ያህል ያቆየዋል።

ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ ለባቄላና ለሥጋ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት መያዝ ጋዝ ይቆጥባል።