የዓለምን ታሪክ ከምሁራን አንደበት ሲማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዓለምን ታሪክ ከመጽሐፍ ይልቅ ከምሁራን አንደበት መስማት የሚመርጠው ሰው ቁጥር እየበዛ ነው። ፖድካስቱ፣ የዩቲዩብ ቃለ ምልልሱ፣ ከሕዝባዊ ንግግር በኋላ መድረኩ ክፍት የሚሆንበት የጥያቄ ሰዓት፣ ሁሉም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስኖ የኖረውን እውቀት ወደ ሰው ጆሮ አምጥተውታል። ይህን መንገድ በጣም እወደዋለሁ። አንድ ምሁር ዕድሜውን የሰጠበትን ጉዳይ በአንድ ሰዓት ሲያወጋዎት መስማት ትልቅ ዕድል ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን ከዚያ ወግ ይዘን የምንነሣው ትንሹን ክፍል መሆኑ ነው፤ ምሁሩ ምን እንዳለ እንይዛለን፣ በምን እንዳወቀው ግን እንተወዋለን። ከታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መደምደሚያውን ይዞ ማስረጃውን ጥሎ መሄድ

የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ1324 ወደ መካ ሲያልፍ ካይሮ ላይ ወርቅ ከመብዛቱ የተነሣ የወርቅ ዋጋ ወረደ። ይህን ያልሰማ የለም ማለት ይቻላል፤ “በታሪክ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ባለጸጋ” የሚል ማዕረግም ተሰጥቶታል። የምዕራብ አፍሪካን ታሪክ የሚያጠና ምሁር ፊት ለፊትዎ ቢቀመጥ “ሀብቱ በዛሬ ዶላር ስንት ይሆናል?” ብለው ጊዜውን አይጨርሱበት። “ይህን የነገረን ማን ነው?” ብለው ይጠይቁት።

መልሱ አል-ዑመሪ ወደተባለው የ14ኛው ክፍለ ዘመን የዓረብ ጸሐፊ ይወስድዎታል። አል-ዑመሪ ካይሮ የደረሰው ሙሳ በከተማዋ አልፎ ከሄደ ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ንጉሡን በዓይኑ አላየውም። የተቀበሉትን ሹማምንትና ከተጓዦቹ ጋር የተገበያዩትን ነጋዴዎች እያፈላለገ ጠየቀ፣ የነገሩትንም ጻፈ። በእጃችን ያለው እንግዲህ የካይሮ ሰዎች ትዝታ ነው፤ ስለ ወርቁ ዋጋ መውረድ የነገሩትም እነሱ ናቸው። ምንጩ ራሱ ቃለ መጠይቅ ነው ማለት ነው! ይህን ሲያውቁ ሌሎች ጥያቄዎች በራሳቸው ይመጣሉ። ነጋዴዎቹ ለምን እንዲህ አስታወሱት? ንጉሡ ስለ አገሩ ሲናገር ለመስማት የፈለጉትን ነግሯቸው ይሆን? የሀብቱ መጠን በቁጥር የማይተመነውስ ለምንድን ነው? አንድ ሰዓት የሚሞላ ውይይት ከዚህ ይወጣል፤ ከዶላሩ ጥያቄ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚወጣው።

ዝናን እንደ ማስረጃ መቁጠር

በ1983 ሽተርን የተባለው የምዕራብ ጀርመን መጽሔት የሂትለርን የግል ማስታወሻ ደብተሮች እንዳገኘ አስታወቀ። ደብተሮቹን እንዲያዩ ከተጠሩት አንዱ ሂው ትሬቨር ሮፐር ነበሩ። እኚህ እንግሊዛዊ ምሁር የሂትለርን የመጨረሻ ቀናት መርምረው ስማቸው የገነነ ነው። ዙሪክ ውስጥ በሚገኝ ባንክ ደብተሮቹ ተከምረው ሲያዩ የክምሩ ብዛት አሳመናቸው፤ ወረቀቱ ተመርምሮ ዕድሜው ተረጋግጧል ሲባሉም አመኑ። እውነተኛ ናቸው ብለው ጻፉ። ብዙም ሳይቆዩ ጥርጣሬ ገባቸውና ኤፕሪል 25 ሃምቡርግ በተጠራው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ማመንታታቸውን በአደባባይ ተናገሩ። በሜይ መጀመሪያ የምዕራብ ጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት የምርመራ ውጤቱን ይፋ አደረገ፤ በወረቀቱ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ላይ የዋለ የማንጫ ኬሚካል ተገኝቷል። ደብተሮቹን የጻፋቸው ኮንራድ ኩያው የሚባል አጭበርባሪ ነበር።

የትሬቨር ሮፐር እውቀት የውሸት አልነበረም። ስለ ሂትለር ማወቅና ስለ ወረቀት ማወቅ ግን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። በየቃለ ምልልሱ የሚታየው መልኩ ቀለል ይላል፤ የሮማን ጦር ሠራዊት የሚያጠና እንግዳ ስለ ሞንጎሎች ይጠየቃል፣ የሚመልሰውም ማንኛውም አንባቢ የሚያውቀውን ይሆናል፣ አድማጩ ግን ከባለሙያ እንደሰማ ይቆጥረዋል። እንግዳው “ይህ የእኔ ዘርፍ አይደለም” ካለ ደግሞ አትጫኑት። እንዲህ የሚል ሰው በቀሪው ንግግሩ ይበልጥ ሊታመን ይገባዋል።

የምሁራንን አለመስማማት እንደ አለማወቅ ማየት

በ476 ኦዶአከር የተባለው የጦር አዛዥ የመጨረሻውን የምዕራብ ሮም ንጉሠ ነገሥት ሮሙሉስ አውጉስቱሉስን ከዙፋኑ አወረደ። አንዱ ምሁር “ሮም ወደቀች” ይልዎታል። ሌላው “አልወደቀችም፣ ተለወጠች” ይላል። ሁለቱን የሰማ ሰው “እነሱም አያውቁም” ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነበር።

ሁለቱ የሚመለከቱት የተለያየ ነገር ነው። ከምዕራቡ የግዛት ክፍል የሸክላ ስብርባሪ እየቆፈረ የሚያወጣው ባለሙያ ጥሩ ሸክላና በጡብ የተከደነ ቤት ከተራው ሰው ኑሮ ሲጠፉ ያያል። ሕግን፣ ቤተ ክርስቲያንንና ቋንቋን የሚከታተለው ደግሞ ብዙ ነገር ሲቀጥል ያያል። ዓይኑን የምሥራቅ ሮም መዲና በነበረችው ቁስጥንጥንያ ላይ ያሳረፈው እስከ 1453 ድረስ ራሱን የሮም መንግሥት ብሎ የሚጠራ መንግሥት አለው። ስለዚህ “ማነው ትክክል?” ከማለት “ከእርስዎ የማይስማሙት ባልደረቦችዎ የሚያነሡት ጠንካራው ማስረጃ የትኛው ነው?” ቢባል ይሻላል። ጥሩ ምሁር ይህን ጥያቄ ይወደዋል፤ መልሱንም ተዘጋጅቶበት ይኖራል።

ክርክር ሁሉ እኩል ነው ብሎ ማሰብ

ከላይኛው ተቃራኒ የሆነው ስህተት ደግሞ ይበልጥ ጎጂ ነው። “ሁለቱንም ወገን እንስማ” በሚል መርህ ማስረጃ የሚያጣምም ሰው ማስረጃ ከሚያከብር ምሁር አጠገብ እኩል ወንበር ይሰጠዋል። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ዲቦራ ሊፕስታት የሆሎኮስት ካጆችን፣ ማለትም ናዚዎች አይሁዶችን መጨፍጨፋቸውን የሚክዱትን፣ በመድረክ አልከራከርም ሲሉ የኖሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ካጅ ነው ብለው የጻፉበት እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዴቪድ ኧርቪንግ በ1996 ለንደን ላይ ከሰሳቸው። ለመከላከያው በባለሙያ ምስክርነት የቀረቡት የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ኢቫንስ ከረዳቶቻቸው ጋር ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው የኧርቪንግን የግርጌ ማስታወሻዎች ከምንጮቹ ጋር አመሳከሩ። ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2000 ኧርቪንግ ማስረጃን ሆን ብሎ ማጣመሙን ወሰነ።

በዚያ ችሎት ከተነሡት አንዱ የድሬስደን ጉዳይ ነው። ከተማዋ በፌብሩዋሪ 1945 በአውሮፕላን ስትደበደብ ስንት ሰው ሞተ? ኧርቪንግ የተጠቀመበት ሰነድ 202,040 ይላል። እውነተኛው የፖሊስ ሪፖርት ላይ ያለው 20,204 ነው። አንድ ዜሮ! ከዓመታት በኋላ ከተማዋ ያቋቋመችው የታሪክ ምሁራን ኮሚሽን በ2010 የሟቾቹ ቁጥር ቢበዛ 25,000 እንደሚሆን ደመደመ። ዜሮው የተያዘው ሰነዱን ከሰነድ ጋር ባስተያየ ሰው ትዕግሥት ነው፤ አንድ ሰዓት የሚፈጅ የመድረክ ክርክር ይህን ሊያደርግ አይችልም። ሁለት እንግዶች ሲከራከሩ ሲሰሙ እንግዲህ አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ተዉትና ምንጩን ያሳየውን ይከተሉ።

ፍጻሜውን አውቆ ወደ ኋላ መጠየቅ

“ይህን እንዴት አላዩትም?” የሚለው ጥያቄ በየቃለ ምልልሱ ይመጣል። የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆነከር በጃንዋሪ 1989 የበርሊን ግንብ ከ50 ዓመትም፣ ከ100 ዓመትም በኋላ ይቆማል ብለው ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 9 ምሽት የምሥራቅ ጀርመን ገዢ ፓርቲ ቃል አቀባይ ጉንተር ሻቦቭስኪ ዜጎች ወደ ውጭ እንዲወጡ የሚፈቅደው አዲሱ የጉዞ ደንብ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ በጋዜጠኞች ተጠየቁ። ወረቀታቸውን አገላበጡና “ወዲያውኑ፣ ሳይዘገይ” የሚል መልስ ሰጡ። ደንቡ የታሰበው ለማግስቱ ነበር። ሕዝቡ ወደ ኬላዎቹ ጎረፈ፤ በቦርንሆልመር ጎዳና ያሉት ጠባቂዎች እኩለ ሌሊት ሳይሞላ በሩን ለቀቁት። የምዕራብ ጀርመኑ መራኄ መንግሥት ሄልሙት ኮል በዚያ ቀን ዋርሶ ነበሩ።

ምሁሩን “ያን ቀን ጠዋት አንድ የምሥራቅ በርሊን ነዋሪ ምን ያውቅ ነበር?” ብለው ቢጠይቁት በዚያ ዓመት ስለነበሩት ሰልፎች፣ በሃንጋሪ በኩል ስለተከፈተው ድንበር፣ ስለ ፍርሃቱም ይነግርዎታል። “አይቀሬ ነበር አይደል?” ካሉት ግን ለጨዋነት ሲል “አዎ፣ ግን…” ብሎ ይጀምርና ያ “ግን” በቀጣዩ ጥያቄ ይቋረጣል። መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ ሁሉ እንዲሁ ነው።

ዓለምን ከአንድ ወደብ ማየት

ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሕንድ ደረሰ የሚለውን ከፖርቱጋል ታሪክ ባለሙያ ብቻ የሰማ ሰው አዲስ መንገድ እንደተከፈተ ያስባል። የሕንድ ውቅያኖስን የሚያጠና ምሁር ቢጨምሩበት መርከቦቹን ከምሥራቅ አፍሪካዋ ወደብ ማሊንዲ ወደ ሕንዷ ካሊከት የመራቸው እዚያው የተገኘ መሪ እንደነበር ይነግርዎታል፤ የዝናቡን ነፋስ ተከትሎ መሻገሩም በዚያ ለኖሩ መርከበኞች የዕለት ሥራ ነበር። ስለ አንድ ክስተት ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ የሚያጠኑ ሰዎችን መስማት ለዚህ ይጠቅማል።

ቀን መቁጠሪያውን መርሳትም ትንሽ የማይባል ስህተት ነው። ሩሲያ የ“ጥቅምት አብዮት” የምትለው በአሮጌው አቆጣጠሯ ኦክቶበር 25፣ በግሪጎርያን ግን ኖቬምበር 7 ቀን 1917 የተካሄደ ነው። ከተለያየ አገር የመጡ ምሁራን ቀን ሲጠሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

የተነገረውን እንደተጻፈ መውሰድ

ሰው ሲናገር ዓመት ይስታል፣ ስም ይቀያይራል፤ ትልቁም ምሁር ቢሆን። ስለዚህ የጠቀሰውን ሰነድ ስም ጽፈው ይያዙና በኋላ ራስዎ ይዩት። ብዙው አሁን በነጻ ኢንተርኔት ላይ አለ። በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ላይ የተዘጋጀው የመረጃ ቋት ከ36,000 በላይ የመርከብ ጉዞዎችን ይዟል፤ አንዱን ጉዞ ከፍተው የመርከቡን ስም፣ መዝገቡ ካለም ስንት ሰው እንደተጫነና ስንት በሕይወት እንደወረደ ማየት ይችላሉ። በየንግግሩ የሚሰሙት ወደ 12.5 ሚሊዮን የተጫኑ ሰዎች የሚለው ቁጥር የተሠራው በእነዚህ መዝገቦች ላይ መዝገባቸው ለጠፋ ጉዞዎች ግምት ተጨምሮ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ምሁር ትልቅ ቁጥር ሲጠራ “ስንቱ የተቆጠረ፣ ስንቱ የተገመተ ነው?” ብለው ይጠይቁት።