በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚቆም የሞተር ድራይቭ፦ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ

ሞተሩ ደህና ነው፣ ኬብሉም ደህና ነው። ግን ድራይቩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ኦቨርቮልቴጅ፣ ማለትም ቮልቴጅ በዛ፣ ብሎ ይቆማል፤ ሪሴት ስታደርጉት እስከ ነገ ይሠራል። እባካችሁ ድራይቩን ለመቀየር አትቸኩሉ፣ ውድ ዕቃ ነው።

መጀመሪያ የቆመበትን ሰዓት ለሳምንት ያህል መዝግቡ። ከዚያ በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚበራ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ካፓሲተር ባንክ ነው፣ ማለትም ፓወር ፋክተርን (ከመስመሩ የሚሳበው ኃይል ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደሚውል) የሚያስተካክሉ ካፓሲተሮች ስብስብ፤ የራሳችሁ ወይም የመብራት ኃይሉ መስመር ላይ ያለ።

ባዶ ካፓሲተር ሲገናኝ ለቅጽበት ሾርት ማለት ነው። ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ይወርድና ተስፈንጥሮ ከወትሮው ጫፍ በላይ ይወጣል፣ ከዚያ እየተወዛወዘ ይረግባል። በስሌት እስከ 2 እጥፍ ይደርሳል፣ በተግባር ግን ከ1.2 እስከ 1.8 እጥፍ ነው የሚታየው። በ400 ቮልት መስመር የድራይቩ ዲሲ ባስ (ውስጡ ያለው የዲሲ ቮልቴጅ) 560 ቮልት ገደማ ስለሆነ ይህ ጫፍ ሲመጣ ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል፣ ድራይቩም ራሱን ለማዳን ይቆማል። የመስመሩ ባንክ ሲበራ ግቢያችሁ ውስጥም ካፓሲተር ካለ ደግሞ ውዝዋዜው ይበልጥ ሊጎላ ይችላል። ለማረጋገጥ የራሳችሁን ባንክ አንድ ቀን አጥፉትና እዩ።

በቴስተር አትድከሙ። ነገሩ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ያልፋል። ኦሲሎስኮፕ ወይም ትራንዚየንት (እንዲህ ያለ ቅጽበታዊ የቮልቴጅ ዝላይ) የሚይዝ የፓወር መለኪያ ያስፈልጋል፣ የሚያገናኘውም ሙያው ያለው ሰው ይሁን።

ርካሹ መፍትሄ ድራይቩ መግቢያ ላይ ከ3 እስከ 5 ፐርሰንት የሆነ ሪአክተር (ድንገተኛ የከረንት ለውጥን የሚገታ ጥቅል ሽቦ) ማስገባት ነው፤ እኔ ሁሌም ከዚህ እጀምራለሁ። ሰርጅ አሬስተር (ከፍተኛ ቮልቴጅን ወደ መሬት የሚያፈስ መከላከያ) ገዝተው የሚያዝኑ ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም አሬስተሩ ሥራ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ጫፍ በላይ ነው።

ባንኩንም ክፈቱና እዩ። ኮንታክተሩ (ካፓሲተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ለካፓሲተር የተሠራ፣ መጀመሪያ በሬዚስተር በኩል የሚያገናኝ መሆን አለበት። ተቃጥሎ በተራ ኮንታክተር ተተክቶ ከሆነ ጥፋቱ እዚያው ነው። ካፓሲተሩ የቀድሞ ቻርጁን ሳይጨርስ እንዳይመለስም ባንኩን የሚያበራና የሚያጠፋው ኮንትሮለር ላይ በቂ መዘግየት አስገቡ፤ መፍሰሻ ሬዚስተሩ እስከ 3 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል።

ድራይቩ የሚቆመው ሰዓት ሳይጠብቅ፣ ሞተሩ ፍጥነት ሲቀንስ ከሆነ ግን ካፓሲተሩን ተዉት። ኃይል እየመለሰ ያለው ሞተሩ ነው፦ የመቆሚያ ጊዜውን አርዝሙ፣ ካልበቃ ብሬኪንግ ሬዚስተር (የሚመለሰውን ኃይል ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያጠፋ) ጨምሩ።